ትርፍ የፀሐይ ኃይል ቢሸጥ ማን ያተርፋል?

“ጣሪያዬ ላይ ሶላር ልትከልና የተረፈኝን ለመብራት ኃይል ሸጬ ወጪዬን ልመልስ” የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ግን ሒሳቡን ቢመረምር ይጠቀማል።

ኔት ሜተሪንግ ምንድን ነው?

ደንበኛው ቀን አመንጭቶ ያልተጠቀመበትን ኃይል ወደ መስመሩ ይለቃል። በሁለት አቅጣጫ የሚቆጥረው ቆጣሪ ይመዘግበዋል። ማታ ከመስመሩ የወሰደው ከዚያው ላይ ይቀነስለትና ልዩነቱን ብቻ ይከፍላል። ስለዚህ የለቀቀው ኃይል የሚያወጣው፣ ለመብራት ሊከፍል የነበረውን ታሪፍ ያህል ነው።

በእኛ ታሪፍ እናስላ። በ2014 ዓ.ም. በተጠናቀቀው የዋጋ ማስተካከያ በወር እስከ 50 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ለአንዱ 0.273 ብር፣ ከ500 በላይ የሚጠቀም 2.481 ብር ይከፍል ነበር። በዚያ ሒሳብ 40 ኪሎዋት ሰዓት ለአነስተኛው ቤት የሚያድነው 10.92 ብር፣ ለትልቁ ግን 99.24 ብር ነው። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ታሪፉ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሆኑ አንባቢ በእጁ ባለው ቢል እንደገና ያስላ። ትምህርቱ ግን አንድ ነው፤ ታሪፉ በረከሰ ቁጥር የሶላሩ ወጪ ቶሎ አይመለስም።

የሌላው አገር ልምድ

በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ግዛት ሶላር የሌላቸው ደንበኞች የመስመሩን ወጪ ተሸክመዋል የሚል ክርክር ተነሥቶ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች ለሚለቁት ኃይል የሚታሰብላቸው ዋጋ በ75 በመቶ ገደማ ተቀነሰ። የሶላር ተካዮች ገበያም ወዲያው ቀዘቀዘ። በመመሪያ ላይ የቆመ ትርፍ መመሪያው ሲለወጥ አብሮ ይወድቃል።

ጎግ ላይ ሲታይ

ከጋምቤላ ከተማ በስተደቡብ፣ የፑኝዶ የስደተኞች መጠለያ በሚገኝበት በጎግ ወረዳ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ሒሳቡን ከሌላ አቅጣጫ ይጀምር። ከመስመር ጋር ብቻ የሚሠራ ኢንቨርተር መብራት ሲጠፋ ለጥገና ሠራተኞች ደህንነት ሲባል ራሱን ያጠፋል። ባትሪ ከሌለ ፀሐይ እየወጣች ፍሪጁ ይቆማል፤ በቆላው ሙቀት ደግሞ ለስላሳውም ሥጋውም ጊዜ አይሰጥም።

በሌላ በኩል አነስተኛ ጄኔሬተር ከአንድ ሊትር ነዳጅ የሚያወጣው ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው። የሊትሩን የጎግ ዋጋ ለ3 ያካፍሉና ከመብራት ታሪፉ ጋር ያስተያዩ። የሶላር እውነተኛ ትርፍ ነዳጁን መተካቱና ዕቃን ከብልሽት ማዳኑ እንደሆነ ያኔ ይገለጣል።

እንግዲህ ባለሀብቱ ሶላሩን የሚገዛው ለራሱ ፍጆታ በሚበቃው መጠን ይሁን። የሽያጩን ገቢ ሒሳብ ውስጥ የሚያስገባው ዋጋውና ዘመኑ በጽሑፍ የተቀመጠ ውል ሲይዝ ብቻ ነው። ያለዚያ ነገሩ “ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ” ይሆናል።