የሠራተኛዎን የጡረታ ቁጠባ "ማች" ከማድረግዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

አሜሪካ ውስጥ ጥቂት ሠራተኞች ይዘው ምግብ ቤት ወይም የጽዳት ድርጅት የሚያስተዳድሩ ከሆነ፣ ሠራተኛው ከደመወዙ ለጡረታ ሲቆጥብ እርስዎ የሚጨምሩለትን ድርሻ፣ ማለትም ማቹን፣ ስንት በመቶ ላድርገው ማለትዎ አይቀርም። መቶኛውን ከመቁረጥዎ በፊት እነዚህን ይፈትሹ።

1. ገበያ ሲቀዘቅዝ ይችሉታል?
አምስት ሠራተኞች በዓመት 40,000 ዶላር ቢከፈላቸው ጠቅላላው 200,000 ነው። 4 በመቶ ማች፣ ሁሉም ሙሉውን ቢወስዱ፣ 8,000 ዶላር ያስወጣዎታል።

2. የትኛው ዕቅድ ይስማማዎታል?
*ሲምፕል አይአርኤ*፦ ከ100 ላልበለጡ ሠራተኞች ነው፤ ወረቀቱ ቀላል፣ መዋጮው ግን ግዴታ ነው። ወይ እስከ 3 በመቶ ዶላር በዶላር ማች ያደርጋሉ፣ ወይ ለቆጠበውም ላልቆጠበውም 2 በመቶ ይከፍላሉ። ማቹን ከአምስት ዓመት በሁለቱ እስከ 1 በመቶ ማውረድ ይቻላል፤ ዓመቱ ከመግባቱ በፊት ግን ለሠራተኛው ማሳወቅ አለብዎ።
*መደበኛ 401ኬ*፦ ማቹን በየዓመቱ እንደ አቅምዎ መወሰን ይችላሉ። ነገር ግን የእርስዎንና የሠራተኞችዎን ቁጠባ የሚያነጻጽር ፈተና በየዓመቱ አለው፤ ሠራተኞችዎ ካልቆጠቡ እርስዎ የቆጠቡት ተቀንሶ ሊመለስልዎ ይችላል። የትዳር ጓደኛዎና ልጆችዎ ድርጅቱ ውስጥ ቢሠሩ በፈተናው እንደ ባለቤት ይቆጠራሉ።
*ሴፍ ሃርበር 401ኬ*፦ ከዚህ ፈተና ያድናል። የተለመደው ቀመር የመጀመሪያውን 3 በመቶ ሙሉ፣ ቀጣዩን 2 በመቶ ግማሽ ማች ማድረግ ነው።

3. ቀመሩ ሠራተኛውን ምን ያህል ያስቆጥባል?
በሴፍ ሃርበሩ ቀመር 40,000 የሚከፈለው ሠራተኛ 2,000 ዶላር ሲቆጥብ እርስዎ 1,600 ይጨምራሉ። በመደበኛው 401ኬ "እስከ 8 በመቶ ግማሹን" ቢሉም የእርስዎ ወጪ ያው 1,600 ነው፤ ሠራተኛው ግን 3,200 መቆጠብ አለበት። ቤት ኪራይና ወደ አገር ቤት የሚላክ ገንዘብ ለሚያስጨንቀው ሰው ሁለተኛው ይከብዳል።

4. ሠራተኛው ቶሎ ቢለቅስ?
በሲምፕልና በተለመደው ሴፍ ሃርበር ማቹ ወዲያው የሠራተኛው ነው። በመደበኛው 401ኬ ግን ሙሉ መብቱን በሦስት ዓመት በአንዴ፣ ወይም እስከ ስድስት ዓመት ደረጃ በደረጃ እንዲያገኝ ማድረግ ይችላሉ።

5. ሠራተኞችዎን አነጋግረዋል?
እቁብ የለመደ ሰው ገንዘቡን ተራው ሲደርስ ያገኛል። ይህ ቁጠባ ግን ከ59 ዓመት ተኩል በፊት ሲወጣ፣ ጥቂት ሁኔታዎች ካልሆኑ በቀር፣ ከታክሱ ሌላ 10 በመቶ ቅጣት አለው፤ በሲምፕል የመጀመሪያ ሁለት ዓመታት ደግሞ 25 በመቶ። ይህን ቀድመው ካላስረዱ ማች ቢያቀርቡም የሚቆጥብ ላያገኙ ይችላሉ።

6. የታክስ ክሬዲቱ ሲያልቅስ?
ከ50 ያልበለጠ ሠራተኛ ያለው ድርጅት አዲስ ዕቅድ ከጀመረ፣ በአንድ ሠራተኛ እስከ 1,000 ዶላር መዋጮ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት መቶ በመቶ፣ ከዚያ 75፣ 50 እና 25 በመቶ ክሬዲት አለ። በስድስተኛው ዓመት ሙሉው ወጪ የእርስዎ ነው።

7. ቀኑ አላለፈም?
በዚያው ዓመት ለመጀመር፣ አዲስ ሲምፕልም ሆነ ማች ያለው አዲስ ሴፍ ሃርበር እስከ ኦክቶበር 1 ሥራ ላይ መዋል አለበት።

አሁንም 3 ወይስ 4 በመቶ እያሉ የሚያመነቱ ከሆነ፣ ባለፈው ዓመት ገቢዎ ዝቅ ያለበትን ወር የፔይሮል ወረቀት ያውጡ። የማቹን ወጪ ከጎኑ ይጻፉና፣ ያን ወር ከየት አምጥተው ይከፍሉት እንደነበር ራስዎን ይጠይቁ።