የለቅሶ ቤት ማዕድ አሰናዳድ

ሞት ቀጠሮ አይሰጥም፤ ማዕድ ግን ቀጠሮ ይፈልጋል። ለለቅሶ ቤት የሚበላና የሚጠጣ ማሰናዳት የሚያስቸግረውም ስለዚህ ነው። በዚህች አጭር ጽሑፍ፣ ላፍቶ ውስጥ ካየነው ተነሥተን፣ ሐዘንተኛው ሳይጎዳ ነገሩ በምን ሥርዓት ሊከናወን እንደሚችል ለመግለጽ እንሞክራለን።

ለዚህ ጥናት ያነሣሣን የራሳችን ጥፋት ነው። የአንድ ጓደኛችን አባት ባረፉ በማግሥቱ ሠላሳ የምንሆን ተማሪዎች ለቅሶ ደረስን። ድንኳን ውስጥ ተቀምጠን የቀረበልንን በላን። ኋላ ወደ ጓሮ ዘልቀን ብናይ፣ ወጡን የምታማስለው የሟቹ የመጀመሪያ ልጅ ናት። አባቷን ለማልቀስ እንኳ ፋታ አላገኘችም። ልናጽናና ሄደን ሥራ ጨመርንባት።

1ኛ/ የመጀመሪያው ቀን። የጤፍ ሊጥ ተቦክቶ ለምጣድ እስኪደርስ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ስለዚህ በዕለቱ ከሐዘን ቤት እንጀራ መጠበቅ አይገባም፤ እንጀራው ከጎረቤት መሶብ ይምጣ። ንፍሮ ግን ውሃና እሳት ይበቃዋል። ስንዴ ሲቀቀል ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚሆን ጥቂቱ ለብዙ ሰው ይደርሳል። ንፍሮና ቡና ለዚህ ቀን በቂ ነው። ድንኳኑ፣ አግዳሚው፣ ድስቱና ሳሕኑ የእድሩ ነው፤ የማብሰሉም ተራ ለእድርተኞቹ እንጂ ለቤተ ሰቡ አይሁን።

2ኛ/ እስከ ሣልስት። በመጀመሪያው ቀን ጎረቤት ያቦካው ሊጥ ለሦስተኛው ቀን ይደርሳል። ለአንድ ሰው አንድ ተኩል እንጀራ ብናስብ ለስልሳ ሰው ዘጠና ይሆናል። ወጡ ሽሮ፣ ምስርና ክክ ቢሆን ይመረጣል፤ ረቡዕና ዓርብ አያሰጋም፣ የክርስቲያንና የእስላም ሥጋ ለየብቻ ይሠራ ከማለትም ያድናል። ጎረቤት ለሐዘንተኛ ማብሰሉ በእስልምናም የተወደደ ነው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ629 ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ በሙእታ ጦርነት በወደቀ ጊዜ፣ ነቢዩ መሐመድ ለቤተ ሰቡ ምግብ እንዲሠራ ማዘዛቸው ይነገራል።

3ኛ/ ተዝካር። ጠላ ተጠንስሶ እስኪደርስ ቀናት ስለሚወስድ የመጠጡ ድግስ የአርባው ነው። ብዙ ቤት የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው፤ ሰው እንዳያማው ብሎ ተበድሮ የሚደግስ አለ። ይህ የእኛ ብቻ ችግር አይደለም። በአየርላንድ አገር ጎረቤት አስከሬን ሲጠብቅ ሲያድር ሻይ፣ ትምባሆና ውስኪ ይቀርብለት ነበር። የካቶሊክ ጳጳሳት ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ ስካሩን ደጋግመው ቢያወግዙም ልማዱ ለብዙ ዘመን አልተወም። ከዚህ የምንማረው ውግዘት ብቻውን እንደማይበቃ ነው። እድርተኛው ማንም ባልሞተበት ቀን ተሰብስቦ የድግሱን ልክ ቢወስን፣ ሐዘንተኛው ከሐሜት ይድናል፤ ነዳያንን ማብላቱና ጸሎቱም አይጓደልም።

ለእኛ ለተማሪዎች የሚቀረው ቀላል ነው። በልተን እንሂድ፤ ስኳርና ቡና ይዘን እንሂድ፤ በአንድ ቀን ሁላችን ከምንጎርፍ በየቀኑ አምስት አምስት ሆነን እንሂድ። ለአርባው ወደዚያው ቤት ስንመለስ ውሃ ቀድተን ሳሕን ስናጥብ ዋልን። የጓደኛችን እኅት በዚያን ዕለት ከእናቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር።