አንስታይን ለፈተና ሲቀርብ

ጥቁር ጉድጓድ ብርሃን እንኳ አያወጣም። ታዲያ የአንስታይን የጠቅላላ አንጻራዊነት ንድፈ ሐሳብ በማይታይ ነገር እንዴት ይፈተናል?

አንስታይን በ1908 ዓ.ም. ግዙፍ አካላት እርስ በርስ ሲዞሩ የስበት ሞገድ ይወጣል አለ። ከ100 ዓመት በኋላ፣ መስከረም 3 ቀን 2008 ዓ.ም.፣ ላይጎ የተባሉት ሁለት የአሜሪካ ጣቢያዎች ሞገዱን ያዙ። ለካ ሁለት ጥቁር ጉድጓዶች ተዋህደው ኖሯል። አንዱ የፀሐይን 36 እጥፍ፣ ሌላው 29 እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። ድምሩ 65 ነው፤ የተገኘው ግን 62። የጎደለው 3 የት ገባ? ሞገድ ሆኖ ሄደ!

ፈተናው እንዲህ ነው። ከውህደቱ በፊት ከመጣው ሞገድ ተነሥቶ ንድፈ ሐሳቡ የሚፈጠረውን ጉድጓድ ክብደትና የሽክርክሪት መጠን ይናገራል። ከውህደቱ በኋላ ያለው ሞገድ ደግሞ እንደተመታ ደወል እየከሰመ ይሄዳል፤ ከእርሱም ያው መጠን ለብቻው ይሰላል። ሁለቱ መልሶች ባይገጥሙ ኖሮ ንድፈ ሐሳቡ በወደቀ ነበር። በልኬቱ የስህተት ወሰን ውስጥ ገጠሙ። ጥር 6 ቀን 2017 ዓ.ም. የበለጠ ጥርት ያለ ሞገድ ሲመጣ ፈተናው ጠበቀ፤ አሁንም አለፈ።

እጩ መምህራን፣ ነገ ክፍል ስንገባ ተማሪው «አንስታይን ስላለ ነው» ቢለን ዝም ብለን አንቀበለው። «በምን ተረጋገጠ?» እንበለው።