«ተቀበል!» ያሉት ሰው ድምፅ የት ገባ? (ከሚክሰር ላይ በቀላል ወጪ ስለመቅረጽ)

ባለፈው ዓመት ለሬዲዮ ኮርስ የመስክ ሥራ ብቸና ሄጄ የሰርግ ዳስ ውስጥ አዝማሪ ቀርጬ ነበር። ሚክሰሩ ባለ 8 ቻናል የኪራይ ዕቃ ነው። የእኔ ሥራ ከ«ሬክ አውት» ገመድ ስቦ ትንሿ ሪከርደር ላይ መሰካት ብቻ ነበር። እዚያው በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ጥርት ብሏል፣ ደስ አለኝ። ማደሪያዬ ገብቼ ሳዳምጠው ግን አዝማሪው ብቻውን ቀርቷል፤ ዳሱ ባዶ ይመስላል።

ነገሩ ወዲህ ነው። ሚክሰር የሚሰማው ማይክ የተቀመጠለትን ብቻ ነው። ባለሙያውም የሚያስተካክለው ለዳሱ እንጂ ለቀረጻ አይደለም፤ ከበሮው ያለ ማይክም ስለሚሰማ ማንም ማይክ አያስጠጋለትም። የባሰው ግን የግጥም ሰጪው ነው። እንደምታውቁት አዝማሪ ብቻውን አይዘፍንም፤ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ እሱም ተቀብሎ በማሲንቆው ያዜመዋል። በእኔ ቀረጻ ላይ ተቀባዩ አለ፣ ሰጪው የለም። አንድ አዛውንት ሰምና ወርቅ ሲሰጡ ዳሱ በሳቅ ተናግቶ ነበር። ሳቁም እሳቸውም አልገቡም። እሳቸው ደግሞ ዘንድሮ አርፈዋል።

በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ከለንደኑ ሆርኒማን ሙዚየም የመጣችው አጥኚ ጂን ጄንኪንስ የአገራችንን ሙዚቃ የቀረጸችው በተንቀሳቃሽ ቴፕ ነበር። ሰው መሐል የቆመ ማይክ ሁሉንም ይሰማል፤ እኛ ሚክሰር ስናገኝ ይህን ረሳነው።

ከደጀን ተነስቶ በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ባሕር ዳር በሚገባው መንገድ ሞጣ ስሄድ ዘዴዬን ቀየርኩ። የሪከርደሩን ግራና ቀኝ መግቢያ ለያየሁ። ወደ ግራው የሚክሰሩን ድምፅ አስገባሁ (ማይኮቹ ሁሉ ፓናቸው መሐል ላይ ከሆነ ከሬክ አውቱ አንዱ ገመድ ይበቃል)። ወደ ቀኙ ደግሞ ታዳሚው መሐል ከፍ ተደርጎ የታሰረ አንድ ተራ ማይክ። ይህን ማይክ ትርፍ ቻናል ላይ ሰክቼ ፌደሩን እስከ ታች ዘጋሁት፤ ካልተዘጋ ስፒከሩ ያፏጫል። ከዚያ በኦክስ ብቻ ወደ ሪከርደሩ ላክሁት። ኦክሱ ከፌደር በፊት የሚወስድ መሆኑን እዩ፣ አለዚያ ፌደሩ ሲዘጋ እሱም ዝም ይላል። የሌሎቹ ቻናሎች ኦክስ ዜሮ ላይ ይሁን።

ከሚክሰር የሚወጣው ድምፅ ከማይክ ይልቅ ጉልበተኛ ስለሆነ ሪከርደሩ «ላይን» ላይ ካልተደረገ ይሰነጣጠቃል። ከፍታውም −12 ዴሲቤል አካባቢ ይብቃው፣ እልልታ ሲነሳ መዝለሉ አይቀርም። መብራት ስለሚጠፋ በባትሪ አሠሩት።

ቀሪው በነጻ በሚገኘው ኦዳሲቲ ይሠራል። ድምፅ በሰከንድ የሚጓዘው 343 ሜትር ገደማ ነው፤ ማይኩ 10 ሜትር ከራቀ ወደ 30 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ ሁለቱ ሲደባለቁም ድምፁ ይደበዝዛል። ስለዚህ ገና ሳይጀመር አዝማሪው ማይክ ፊት አንዴ አጨብጭቡ፤ በኋላ ሁለቱን ጭብጨባ ማገጣጠም ነው።

የሞጣው ቀረጻ ውስጥ የብርጭቆ ድምፅና ጉርምርምታ አለ። መምህራችን «ለምን አላጠራኸውም?» ብለውኛል። አንዲት እናት ግን «ተቀበል!» ሲሉ ከነትንፋሻቸው ይሰማሉ። እንዳለ ተውኩት።