ፍትሐዊ ንግድ በማን ሚዛን? የአውሮፓ ኅብረት የጋራ የንግድ ፖሊሲና የገበሬው ቡና

በቡና አምራች አካባቢዎች በሚገኙ አጥቢያዎች ዘንድ በቅርብ ዓመታት አንድ አዲስ ነገር መታየት ጀምሯል። ማሳ በእጅ ስልክ ይለካል፤ የገበሬው ስም ከይዞታው አቀማመጥ ጋር ይመዘገባል። ብዙ ጊዜ ለገበሬው የሚነገረው «አውሮፓውያን ስለጠየቁ ነው» የሚል አጭር መልስ ብቻ ነው። መልሱ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ማን እንደጠየቀ፣ በምን ሥልጣን እንደጠየቀና ወጪውን ማን እንደሚሸከም አያስረዳም። በዚህ እትም የጥናት ዓምዳችን የአውሮፓ ኅብረት የጋራ የንግድ ፖሊሲ እንዴት እንደሚቀረጽና «ፍትሐዊ» እና «ኃላፊነት የተሞላበት» የሚሉት ቃላት በተግባር ምን ትርጉም እንዳላቸው እንመለከታለን።

በመጀመሪያ የአሠራሩን መሠረት እንረዳ። እ.ኤ.አ. በ1957 በሮም የተፈረመው ውል ስድስት የአውሮፓ አገሮችን በአንድ የጋራ ገበያ ሲያስተሳስር፣ ከውጭ በሚገባ ዕቃ ላይ ሁሉም አንድ ዓይነት ቀረጥ እንዲጥሉ አስገደዳቸው። ይህ የጉምሩክ ኅብረት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1968 ተጠናቀቀ። ከዚያ ወዲህ ጀርመን ለብቻዋ፣ ጣልያን ለብቻዋ ከሌላ አገር ጋር የቀረጥ ስምምነት መፈራረም አይችሉም፤ ሥልጣኑ የኅብረቱ ነው። ዛሬ 27 አባል አገሮች ባሉት ኅብረት የአውሮፓ ኮሚሽን ይደራደራል፤ የአባል አገሮች ሚኒስትሮች ምክር ቤት ለድርድሩ ፈቃድ ይሰጣል፣ ውጤቱንም ያጸድቃል፤ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2009 ጀምሮ ደግሞ በሊዝበን ውል መሠረት የአውሮፓ ፓርላማ ይሁንታ ካልታከለበት ስምምነቱ አይጸናም። ፓርላማው ይህን ሥልጣን ለይስሙላ እንዳልያዘው እ.ኤ.አ. በ2012 አሳይቷል። ሐሰተኛ ምርቶችን ለመከላከል በሚል የተዘጋጀውን ዓለም አቀፍ ስምምነት በ478 ተቃውሞና በ39 ድጋፍ ጣለው።

ለድሆች አገሮች የተሰጠው ትልቁ ዕድል እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው «ከጦር መሣሪያ በስተቀር ሁሉም» የተባለው ሥርዓት ነው። በዚህ መሠረት ኢትዮጵያን ጨምሮ በዝቅተኛ የዕድገት ደረጃ ላይ ያሉ አገሮች ከጦር መሣሪያና ከጥይት በቀር ማናቸውንም ምርት ያለ ቀረጥና ያለ ኮታ ወደ ኅብረቱ ገበያ ያስገባሉ። ሙዝ፣ ሩዝና ስኳር ግን ወዲያውኑ አልተፈቀዱም፤ የሙዝ ገበያ እስከ 2006፣ የሩዝና የስኳር ገበያ እስከ 2009 ድረስ ቀስ በቀስ ነበር የተከፈተው። የአውሮፓን ገበሬ የሚነካው ምርት በር ላይ ቆሞ እንዲጠብቅ መደረጉን ልብ ይሏል።

በሩ ከተከፈተ በኋላስ? ቡናን እንውሰድ። ጥሬ ቡና ከየትም አገር ቢመጣ ወደ ኅብረቱ ሲገባ ቀረጥ የለበትም። የተቆላ ቡና ልዩ ዕድል ከሌላቸው አገሮች ሲመጣ 7.5 በመቶ ይቀረጣል፤ ከእኛ ሲሄድ ግን እርሱም ነጻ ነው። ይህ ከሆነ አንባቢ «ታዲያ ለምን ቆልተን አንልክም?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከቀረጥ ውጭ ነው። ጥሬ ቡና በአግባቡ ከተያዘ ለብዙ ወራት ይቆያል፤ የተቆላው ግን በሳምንታት ውስጥ መዓዛው ይቀንሳል። የአውሮፓ ቆዪዎች የበርካታ አገሮችን ቡና ቀላቅለው በራሳቸው ስም ይሸጣሉ፤ የሱቁን መደርደሪያ፣ የማስታወቂያውን ገንዘብና የገዢውን ልማድ የያዙት እነርሱ ናቸው። ሌላም አስገራሚ ነገር አለ፤ የጀርመን መንግሥት በአገሩ ከሚጠጣው የተቆላ ቡና ከእያንዳንዱ ኪሎ 2.19 ዩሮ የቡና ግብር ይሰበስባል። ግብሩ በጀርመን በተቆላውም ከውጭ ተቆልቶ በገባውም ላይ እኩል የሚጣል በመሆኑ አድልዎ ነው ማለት አይቻልም። ሆኖም የኪሎ እሸት ቡና ዋጋ የሚያውቅ የጌዴኦ ወይም የጅማ ገበሬ ይህን ቁጥር ቢሰማ ምን እንደሚል መገመት አያዳግትም። ስለዚህ ቀረጥ ማንሣት የፍትሕ መጀመሪያ ሊሆን ይችላል፤ ፍትሕ ራሱ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ ቅድመ ሁኔታ ነው። ኅብረቱ የንግድ ዕድሉን የሰብአዊ መብትና የሠራተኛ መብት ከባድ ጥሰት ሲያገኝ ሊያነሣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 በካምቦዲያ ላይ የተወሰነው ይኸው ነበር። የፖለቲካ ተቃዋሚዎች በመታፈናቸው ምክንያት አገሪቱ ወደ ኅብረቱ ከምትልከው ምርት አንድ አምስተኛ ያህሉ፣ በተለይም ከልብስና ከጫማ ምርቶች የተወሰኑት፣ ከነሐሴ 2020 ጀምሮ ቀረጥ ተመለሰባቸው። በከፊል ብቻ መነሣቱ በፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመቀነስ ታስቦ ነው። ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ይመስለናል። በአገራችንም ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. አሜሪካ የአጎዋን የገበያ ዕድል ስታነሣ ቀድሞ የተጎዳው በኢንዱስትሪ ፓርክ ተቀጥራ ለቤተሰቧ ገንዘብ ትልክ የነበረችው ወጣት እንጂ ውሳኔ ሰጪው እንዳልነበረ እናውቃለን። ቅድመ ሁኔታ ሁሉ ክፉ ነው አንልም፤ መብት የሚረገጥበትን ምርት በርካሽ መግዛትም በደል ነው። ነገር ግን ቅጣቱ በማን ትከሻ ላይ እንደሚያርፍ አስቀድሞ ያልመረመረ ፖሊሲ ኃላፊነት የተሞላበት ሊባል አይችልም።

ኃላፊነት ደግሞ የሚገባውን ዕቃ ብቻ ሳይሆን የሚወጣውንም መመርመርን ይጠይቃል። በ1990ዎቹ መጨረሻና በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) አውሮፓውያን ሸማቾች የዶሮውን ፈረሰኛ ሲመርጡ፣ የተረፈው ክንፍና እግር በረዶ ሆኖ በርካሽ ወደ ምዕራብና መካከለኛው አፍሪካ ይላክ ነበር። በካሜሩን የአገር ውስጥ ዶሮ አርቢዎች ገበያቸውን አጡ፤ የማቀዝቀዣ እጥረት ባለበት ገበያ ሥጋው ለጤናም አስጊ ሆነ። የካሜሩን የሲቪል ማኅበራት ባካሄዱት ዘመቻ፣ ከጀርመን አብያተ ክርስቲያናት የልማት ድርጅቶችም ባገኙት ድጋፍ፣ መንግሥት የማስገባቱን ሥራ አገደ። የፀረ ተባይ ኬሚካልም ጉዳይ ከዚህ ይመሳሰላል። በኅብረቱ ውስጥ ለጤና ጎጂ ነው ተብሎ የተከለከለ መርዝ እዚያው ተመርቶ ወደ ሌላ አገር ሊሸጥ መቻሉ ሁለት ዓይነት ሚዛን ከመያዝ በምን ይለያል? ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ይህን የሚከለክል ሕግ በሥራ ላይ አውላለች፤ ኅብረቱ በጠቅላላ ግን እንዲህ ያለ ክልከላ አላወጣም።

አሁን ወደ መነሻችን፣ በስልክ ወደሚለካው ማሳ እንመለስ። ኅብረቱ እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል፤ እነርሱም ቡና፣ ካካዎ፣ አኩሪ አተር፣ የዘንባባ ዘይት፣ ጎማ፣ እንጨትና የቀንድ ከብት ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ወደ ኅብረቱ የሚያስገባ ነጋዴ፣ ምርቱ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተገኘ መሬት አለመምጣቱን ማረጋገጥ አለበት። እያንዳንዱ ማሳ የት እንደሚገኝም በካርታ ነጥብ ማሳየት ይጠበቅበታል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ድንበሩ ዙሪያውን መለካት አለበት፤ ከዚያ በታች ለሆነው ግን አንድ ነጥብ ይበቃል። ምርቱ በአገሩ ሕግ መሠረት መመረቱም መረጋገጥ አለበት፤ የመሬት ይዞታ መብት የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ደንቡ በ2024 መጨረሻ ሥራ ላይ እንዲውል ታቅዶ ነበር። በአንድ ዓመት ተራዘመ፤ ቀጥሎም እንደገና ተራዘመ። ማራዘሙ ጊዜ ሰጥቷል፤ አስቀድመው ገንዘብ አውጥተው የተዘጋጁትን ማኅበራትና ላኪዎች ግን አላስደሰተም።

ደንብን መተርጎም ስንጀምር አንድ ቁም ነገር መዘንጋት የለበትም። ግዴታው በሕግ የተጣለው በአውሮፓው አስገቢ ላይ እንጂ በገበሬው ላይ አይደለም። ነገር ግን አስገቢው ማስረጃውን ከላኪው ይጠይቃል፤ ላኪው ከአቅራቢው ወይም ከዩኒየኑ፣ እነርሱም ከገበሬው። ወጪው እንደ ውኃ ወደ ታች ይፈስሳል። አብዛኛው ቡናችን የሚመጣው ከአነስተኛ ይዞታ ነው፤ የብዙ ገበሬዎች እሸት ቡና በአንድ የማጠቢያ ጣቢያ፣ ጀንፈሉም በአንድ ሰብሳቢ መጋዘን ይቀላቀላል። እ.ኤ.አ. በ2008 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያም ለብዙ ዓመታት ቡናን በአካባቢና በደረጃ እያደባለቀ ስለሚሸጥ ከየትኛው ማሳ እንደመጣ ማወቅ አይቻልም ነበር። ደንቡ ደግሞ ምንጩ ያልታወቀ ቡና ከታወቀው ጋር እንዲቀላቀል አይፈቅድም። የአንድ ገበሬ ነጥብ ቢጎድል ጉዳቱ ለጎረቤቶቹም ይተርፋል ማለት ነው።

ከዚህ የሚብሰው የካርታው ጉዳይ ነው። ቡናችን ከጥላ ዛፍ ሥር የሚያድግ ነው። ከሳተላይት ሲታይ የዋንዛና የግራር ጥላ ያለው የቡና ማሳና የተፈጥሮ ደን ይመሳሰላሉ። ደንቡ በጽሑፉ ለዛፍና ለሰብል በአንድነት የሚውልን መሬት እንደ እርሻ ስለሚቆጥር ጥላ ያለውን ቡና አይከለክልም። ነገር ግን በ2020 ካርታ ላይ «ደን» ተብሎ በስሕተት የተመዘገበ ማሳ፣ ባለቤቱ ያረጀውን ቡና ሲጎነድል ወይም ጥላውን ሲያሳሳ «ደን ተጨፈጨፈ» ሊያሰኝ ይችላል። ዛፍ ጠብቆ የኖረው ገበሬ ማስረጃ አቅርብ ሲባል፣ ከብዙ ዘመን በፊት መሬቱን መንጥሮ ሜዳ ላይ ቡና የተከለ ትልቅ እርሻ ያለ ጭንቀት ያልፋል። የጣና ዳሩን ዘጌን የሚያውቅ አንባቢ ነገሩን ፈጥኖ ይረዳዋል። በገዳማቱ ዙሪያ ያለው ቡና ከደኑ ሥር የኖረ ነው፤ ትውፊቱም በሬ ጠምዶ ማረስን ይከለክላል። ይህን የመሰለ ጥበቃ በማንኛውም የንግድ ቅጽ ላይ የሚሞላበት ሣጥን የለውም።

ይሁንና ደንቡን በጅምላ ከሚያወግዙት ጋር አንተባበርም። በደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል የሚገኘው የዱር ቡና ደን እየተመናመነ መሆኑ የታወቀ ነው፤ የሚጠፋው ደግሞ የዓለም የአረቢካ ቡና ዘር የሚገኝበት ጎተራ ነው። አውሮፓ የምትጠጣው ቡና ደን ያጠፋ እንዳይሆን መጠየቋ ተገቢ ነው። ያልተገባው ጥያቄውን ለመመለስ የሚወጣውን ገንዘብ ከማሳው ባለቤት ላይ መተዋ ነው። ደንቡ ራሱ ኅብረቱ ከአምራች አገሮች ጋር በትብብር እንዲሠራ፣ በተለይም ለአነስተኛ አምራቾች ትኩረት እንዲሰጥ የሚያዝ አንቀጽ አለው። ፍትሐዊነቱ የሚለካው ይህ አንቀጽ በጀት ሲኖረው፣ ለተረጋገጠ ቡናም ገዢው ከፍ ያለ ዋጋ ሲከፍል ነው።

ይህን ማስለወጥ ይቻላልን? እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2016 በቤልጂየም የምትገኘው የዋሎኒያ ክፍለ አገር ፓርላማ፣ ስለ ገበሬዎቿና ኩባንያዎች መንግሥትን ስለሚከሱበት ፍርድ ቤት ሥጋት ስለገባት፣ ኅብረቱ ከካናዳ ጋር ያደረገውን ስምምነት ፊርማ ለቀናት አዘገየች። ማብራሪያ ተጨምሮ፣ የፍርድ ቤቱም ነገር ወደ ኅብረቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት እንዲቀርብ ቃል ተገብቶ ነው የተፈረመው። ከዚያ ቀደም፣ በ1988፣ በኔዘርላንድስ የተጀመረው የማክስ ሃቨላር የቡና ምልክት የተወለደው የሜክሲኮ ቡና ገበሬዎች ከአንድ የቤተ ክርስቲያን ልማት ድርጅት ጋር ባደረጉት ምክክር ነበር። ገበሬዎቹ የፈለጉት ምጽዋት ሳይሆን የተሻለ ዋጋ ነበር። በአውሮፓ የሚኖሩ ምእመናኖቻችንም ዜግነት ባገኙበት አገር ለአውሮፓ ፓርላማ ይመርጣሉ፤ እንደራሴያቸውን ስለ ቡና ቢጠይቁ ከማንም ይልቅ የሚያውቁትን ይጠይቃሉ።

በአጥቢያ ደረጃ ግን የሚቀድመው ሥራ ከዚህ ያነሰና ቅርብ ነው። በሰበካ ጉባኤው ስብሰባ ላይ የመሠረታዊ ኅብረት ሥራ ማኅበሩን ሊቀ መንበርና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ ጋብዛችሁ ሦስት ነገር እንድትጠይቁ እንመክራለን፤ ማሳው ሲመዘገብ መረጃው በማን እጅ ገባ፣ ገበሬው ቅጂ ተሰጥቶታልን፣ ነጥቡስ በይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ ላይ ካለው ጋር ይስማማልን? ይህን የምንለው ያለ ምክንያት አይደለም። መረጃው በአንድ ላኪ እጅ ብቻ ከቀረ ገበሬው በሚቀጥለው ዓመት የተሻለ ዋጋ ለሚሰጥ ሌላ ገዢ መሸጥ ይቸግረዋል፤ ነጥቡ የታሰረው ከቀድሞው ገዢ ጋር ነውና። ቅጂው በማኅበሩ መዝገብ ውስጥ ካለ ግን የመደራደር አቅም ይኖረዋል። ባሎቻቸው ያረፉባቸው እናቶችና ደብተሩ በአያት ስም የቀረባቸው ወጣቶች ከምዝገባው እንዳይቀሩ በተለይ አስቡላቸው፤ ማን በየትኛው ማሳ ላይ እንደሚለፋ ከካህኑና ከሰበካው ሽማግሌዎች ይልቅ የሚያውቅ የለምና። የሚጎነደል አሮጌ ቡና ያላቸውም ከመጎንደላቸው በፊት የግብርና ባለሙያው ማሳውን አይቶ እንዲመዘግብላቸውና ከተቻለ ፎቶግራፍ እንዲያነሣ ይጠይቁ፤ ሥራው ከመከር በኋላ ባሉት ደረቅ ወራት የሚጀመር ስለሆነ ጥያቄው ከዚያ አስቀድሞ መቅረብ ይኖርበታል።