ደጋግሞ የሚታመመውን ሕፃን ስናይ ምን እናድርግ?



በአርባ ቀኑ ለጥምቀት ሲቀርብ ጤነኛ የነበረ ወንድ ልጅ፣ ስድስት ወር ካለፈው በኋላ ከአንዱ ሕመም ወደ ሌላው የሚሸጋገር ከሆነ ልናስተውለው ይገባል። የዚህ ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ የምግብ እጥረት ወይም ሌላ የተለመደ በሽታ ነው። አልፎ አልፎ ግን በዘር የሚወረስ የበሽታ መከላከያ አቅም ጉድለት ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ጉድለቶች አንዱን እ.ኤ.አ. በ1952 አሜሪካዊው ሐኪም ኦግደን ብሩተን ገልጾታል፤ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሕፃን በማኅፀን ሳለ ተሕዋስያንን የሚዋጉ ፀረ እንግዳ አካላትን ከእናቱ ይቀበላል። እነዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት እየመነመኑ ሲሄዱ ጤነኛው ልጅ የራሱን ያመርታል፤ ይህ ጉድለት ያለበት ግን ማምረት አይችልም። ስለዚህ ሕመሙ ዘግይቶ ይገለጣል።

ምልክቶቹ፦

• በአንድ ዓመት ሁለትና ከዚያ በላይ የሳንባ ምች፤
• በአንድ ዓመት አራትና ከዚያ በላይ የጆሮ ሕመም፤
• መድኃኒት ለወራት ወስዶ አለመሻል፣ ክብደትም አለመጨመር፤
• ወንድም ወይም የእናት ወንድም በሕፃንነቱ በተመሳሳይ ሕመም መሞቱ።

የመጨረሻውን ምልክት ሐኪም ሳይጠይቅ ሊያልፈው ይችላል። ቤተሰቡ የቀበራቸውን ሕፃናት የሚያውቀው የነፍስ አባት ግን ያስታውሰዋል፤ ወላጆች ለሐኪሙ እንዲናገሩ ይምከራቸው።

ጉድለቱ የሚረጋገጠው በደም ምርመራ ነው። ሕክምናው ከለጋሾች ደም የሚዘጋጁ ፀረ እንግዳ አካላትን በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ በደም ሥር መስጠት ሲሆን ዕድሜ ልክ ይቀጥላል። ትኩሳት በታየ ጊዜ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል። በአፍ የሚሰጠው የፖሊዮ ጠብታ ለእንዲህ ያለ ልጅ አደጋ ስላለው፣ ወላጆች ከክትባት በፊት ለጤና ባለሙያው ያሳውቁ። ይህ ግን ሌሎች ሕፃናትን ከክትባት ለማስቀረት ምክንያት አይሆንም።

ሕመሙ ኤች አይ ቪ አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይጋባም። የሚወረሰው በእናት በኩል ቢሆንም የእናቲቱ በደል አይደለም፤ እርግማንም አይደለም። ካህናት ይህን በግልጽ ካስተማሩ ብዙ እናቶች ከሐሜት ይድናሉ። ጸበል የሚጠመቅ ልጅም መድኃኒቱን እንዳያቋርጥ እናሳስባለን።

የሰበካ ጉባኤያት በበኩላቸው ሁለት ነገር ያድርጉ፦ ቤተሰቡ የሕመሙን ቀናት በደብተር እንዲመዘግብ ይርዱ፤ ወደ ሪፈራል ሆስፒታል ለሚደረገው ጉዞ የመጓጓዣ ወጪ ይሸፍኑ። በጊዜ የታወቀና በሚገባ የታከመ ልጅ አድጎ ለቁም ነገር ይበቃል።