መሪው ሲከብድ፦ ስለ ኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የተጻፈ

ባለፈው ኅዳር፥ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን፥ ከአጋሮ ወደ ጅማ በኤሌክትሪክ አውቶሞቢል ተሳፍረን ስንመለስ ሹፌራችን በየመታጠፊያው ከመሪው ጋር ሲታገሉ ተመለከትን። መንገዱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ጠመዝማዛ ነው፤ ጀንፈል የጫነ አይሱዙ ከፊት ብቅ ሲል መሪ በቶሎ ካልታዘዘ የሚከተለውን ለማንም መንገር አያስፈልግም። «ምን ሆኖ ነው ጋሼ?» ብንላቸው፥ አንዱ የመሪ ዘይት ጐድሏል ብሎ ክዳኑን ፈልጎ እንዳጣው፥ አንድ ጋራዥ ደግሞ መላው የመሪ ዕቃ ይለወጥ እንዳላቸው አጫወቱን። የዕቃው ዋጋ የአንድ የቡና ወራት ገቢያቸውን የሚበላ ነበር።

እኛ የኪነ ጥበባት ተማሪዎች ነን፤ ብሎን መፍታት የተማርነው ነገር አይደለም። ነገሩ ግን አላስቀመጠንምና መካኒኮችን ጠይቀን፥ መጻሕፍትም አገላብጠን የተረዳነውን እነሆ ለጓደኞቻችን እናቀርባለን። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ይህ ዐይነቱ መኪና ከአዲስ አበባ አልፎ ወደ ቡና አገርም እየዘለቀ ስለሆነ፥ ጉዳዩ የአንድ ሹፌር ብቻ አይደለም።

መሪን የሚያቀል መሣሪያ በገበያ በሚሸጥ አውቶሞቢል ላይ የታየው በ1951 እ.ኤ.አ. በክራይስለር ኢምፔሪያል ነው። በዚያ አሠራር ሞተሩ በቺንጊያ ፓምፕ ያዞራል፤ ፓምፑ ዘይት ይገፋል፤ ዘይቱም የነጂውን ክንድ ያግዛል። የኤሌክትሪክ መኪና ግን ቆሞ የሚንተከተክ ሞተር የለውም። ስለዚህ በመሪው ዘንግ ወይም ከታች ጎማዎቹን በሚገፋው ዘንግ ላይ አንድ አነስተኛ የኤሌክትሪክ ሞተር ተገጥሞለታል። ነጂው መሪውን በምን ያህል ኀይል እንደጠመዘዘ አንድ መለኪያ ይለካል፤ ኮምፒዩተሩ ያንን አይቶ ሞተሩን ያዘዋል። ያ ሰው የዘይቱን ክዳን ያላገኘው እንግዲህ ክዳኑ ስለሌለ ነው።

ብዙ ሰው የሚስተው ዋናው ነገር ከዚህ ይቀጥላል። ይህ የመሪ ሞተር በአብዛኞቹ መኪኖች ኤሌክትሪክ የሚያገኘው መኪናውን ከሚነዳው ባለ ብዙ መቶ ቮልት ባትሪ በቀጥታ ሳይሆን፥ እንደ ቤንዚን መኪና ባትሪ ካለው ትንሽ ባለ 12 ቮልት መስመር ነው። ትልቁ ባትሪ በመቀየሪያ አማካይነት ትንሹን ይሞላል። ትልቁ ባትሪ 90 ከመቶ ሞልቶ እያለም የትንሹ መስመር ከተዳከመ መሪው ድንጋይ ሊሆን ይችላል። መኪና ቆሞ መሪ ሲዞር ሞተሩ በአሥሮች የሚቆጠር አምፔር በአንድ ጊዜ ስለሚስብ፥ ድካሙ መጀመሪያ የሚታየው እዚያ ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከመፍታት በፊት «መቼ ነው የሚከብደው?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ሁልጊዜ፥ እየሄደም ጭምር ከከበደ በቅድሚያ የጎማ ነፋስ ይለካ፤ የኤሌክትሪክ መኪና በባትሪው ምክንያት ከባድ ነውና የነፋስ ጉድለት ቶሎ ያስቸግረዋል። ልኩ በነጂው በር ምሰሶ ላይ ተጽፏል። ጠባብ ቦታ ላይ ደጋግሞ ወዲህና ወዲያ ካዞሩ በኋላ ብቻ ከከበደ፥ ሞተሩ ስለጋለ እርዳታውን ቀንሶ ይሆናል፤ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚይዝ፥ ወይም ከታጠፈ በኋላ ወደ ቀጥታው የማይመለስ ከሆነ ግን ነገሩ የብረት ነው። የክረምት ጭቃ የተቀደደ መከለያ ላስቲክ ካገኘ ውኃ ያስገባል፤ መጋጠሚያውም ይዝጋል። ይህን ለማወቅ የፊት ጎማዎቹን በክሪክ አንስቶ፥ በጠንካራ መደገፊያ አስደግፎ፥ መሪውን በእጅ ማዞር ይበቃል።

የጋሼ መኪና በድንገት የከበደ፥ ቢጫ መብራትም የሚያበራ ነበር። ከመብራቱ ጎን አንድ መስመር የቻይና ጽሑፍ ነበረ። «እሱማ ሳምንቱን ሙሉ አለ፤ ማን ያነበዋል?» አሉን። በስልክ ካሜራ ብናስተረጉመው የመሪው እርዳታ መቀነሱን የሚናገር ሆኖ ተገኘ። መኪናው ሕመሙን ሲናገር ሰንብቶ ሰሚ ማጣቱ እኛን የቋንቋ ተማሪዎችን ትንሽ አሳፈረን።

ጅማ ስንደርስ አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ቮልቱን ለካ። መኪናው ለጉዞ ዝግጁ ሆኖ ሲበራ በአብዛኛው ከ13 እስከ 14.5 ቮልት መገኘት ሲገባው፥ መሪው ሲዞር መለኪያው ከ12 በታች ወረደ። ገመዱ በትንሹ ባትሪ ላይ የሚታሰርበት ራስ ላልቶ ነጭ ዝገት አብቅሎ ነበር። መኪናውን አጥፍቶ፥ ቁልፉን ከመኪናው ውጭ አስቀምጦ፥ በመጀመሪያ የኔጌቲቩን ገመድ ፈታ፤ በብርጭቆ ወረቀት ጠርጎ አጥብቆ አሰረው። ጎሚስታውም የፊት ጎማዎቹን ነፋስ ሞላ። መብራቱ ጠፋ፤ መሪው በአንድ እጅ ዞረ።

ብርቱካናማ ገመዶቹን ግን ማንም ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካ፤ የትልቁ ባትሪ ኀይል የሚያልፍባቸው ናቸው፤ ይገድላሉ። የመሪው ዕቃ በእርግጥ ከተለወጠም መለኪያው በኮምፒዩተር እንደገና መስተካከል አለበት፤ አለዚያ አዲሱ ዕቃ ወደ አንድ ወገን ሊጐትት ይችላል። መሪው እንደ ከበደ የግቤን ቁልቁለት መውረድም አይገባም።

ጋሼ በሳምንቱ አዲስ አበባ ደርሰው ተመለሱ። ከግራ ጎማ በኩል የሚሰማ ጩኸት ቀርቶ ነበር፤ እሱ ያረጀ የመጋጠሚያ ላስቲክ ሆኖ ተገኘና በታኅሣሥ ተለወጠ።